ቮልኔ ወይስ ፖማር?

ዛሬ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ በሚባለው የወይን አገር፣ ቦን ከተማ፣ ቀይ ወይን ጠጅ ስንቀምስ ዋልን። ቀለሙን ብቻ አይቶ «ይሄማ ውሃ ገብቶበታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ፒኖ ኗር የሚባለው የወይን ዝርያ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ብዙ አይጠቁርም። ከብርጭቆው ማዶ ጣት ይታያል። ስለዚህ እዚህ በቀለም መፍረድ አያዋጣም።

ቮልኔና ፖማር ድንበርተኛ መንደሮች ናቸው። ወይናቸው ያው ፒኖ ኗር ነው፤ ጣዕሙ ግን ለየቅል! የፖማር አፈር ሸክላና ብረት ይበዛበታል። ወይኑም ጠንከር ያለ፣ ድድ ጨምድዶ የሚይዝ ነው። ቮልኔ ደግሞ ኖራ ድንጋይ ያይልበታል። ቼሪና አበባ አበባ ይሸታል፣ ምላስ ላይም ለስለስ ይላል። እኔ ሳላመነታ ቮልኔ አልኩ። አጠገቤ የነበሩ ፈረንሳዊ አዛውንት «ፖማሩን አሥር ዓመት አቆይተሽ ቅመሺው» አሉኝ። እሺ፣ ዕድሜ ይስጠን!

ሁለቱም መንደሮች ግራን ክሩ የሚባለው ትልቁ ደረጃ የላቸውም። ጣሪያቸው ከሱ ቀጥሎ ያለው ፕሪሚየ ክሩ ነው። ግን ደረጃው ሁሉንም አይናገርም።

ወይኑ የተለቀመበት ዓመትም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. 2018 ሞቃት ስለነበር ፍሬው ደህና በስሏል፤ ወይኑ ሞላ ያለ ነው። በእ.ኤ.አ. 2021 ጸደይ ግን ውርጭ ብዙ እምቡጥ አቃጠለ። ወይኑ ቀለል፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። እንደኔ እንደኔ እሱ ከምግብ ጋር ይሻላል።

ባለሙያዎቹ ከሁሉ በላይ የሚያዩት ጣዕሙ አፍ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ለዚህ መዋጥ አያስፈልግም፣ ይተፋል። በዚያ ዋጋ መትፋት ግን አንጀቴ እምቢ አለ።