ስምንት ዙር፦ 458 ቀን ሳላቋርጥ የሮጥኩበት መንገድ

ለብዙ ዓመት የእኔ ሩጫ በዓመት አንድ ቀን ነበር። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲደርስ ካናቴራዬን እገዛለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየጨፈርን፣ ግማሹን እየሮጥን ግማሹን እየተራመድን 10 ኪሎ ሜትሩን እንጨርሳለን። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል፤ ግን ደስ ይለኛል። "ከእንግዲህ በየቀኑ ነው የምሮጠው" እላለሁ። አንድ ሁለት ሳምንት እሞክራለሁ። ከዚያ ሥራ ይበዛል፣ ልጅ ይታመማል፣ ነገሩ እስከሚቀጥለው ኅዳር ይረሳል።

የምኖረው ኮተቤ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። በ2014 ክረምት ውሃ ጠፍቶ አንድ ጀሪካን ይዤ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ያኔ 37 ዓመቴ ነው። አጠገቤ የቆመችው የሰባት ዓመት ልጄ "እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። አላመመኝም። አንድ ጀሪካን ውሃ ነው ይዤ የነበረው።

መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ ወጣሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ሮን ሂል አንብቤ ነበር። እንግሊዛዊ የማራቶን ሯጭ ነው፤ በፈረንጆቹ 1970 የቦስተን ማራቶንን አሸንፏል። ይኼ ሰው ከፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1964 ጀምሮ ለ52 ዓመት ከአንድ ወር በላይ አንድም ቀን ሳይሮጥ አልዋለም። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ያልተቋረጠ ሩጫ "ስትሪክ" ይሉታል። ደንቡ ቀላል ነው፤ በቀን ቢያንስ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ። ፍጥነት አይጠየቅም። እኔን የሳበኝ የ52 ዓመቱ ነገር አይደለም፤ የ1.6 ኪሎ ሜትሩ ነገር ነው። ይቺንማ እችላታለሁ አልኩ።

በስልኬ ለካሁት። የእኛን ብሎክ አንድ ጊዜ መዞር 210 ሜትር ነው። ስምንት ዙር 1,680 ሜትር ይሆናል። ሁሉን ነገር የያዘው ይሄ ስምንት ዙር ነው። ንጋት ላይ አስፋልት ለመውጣት ለሴት ብቻዋን ከባድ ነው። ጨለማ ነው፤ ውሻ አለ፤ ወደ የካ ተራራ በኩል ጅብም አይጠፋም። ግቢ ውስጥ ግን መብራት አለ፣ ጥበቃ አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የግቢያችን ጥበቃ ግራ ገብቷቸው ያዩኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን "ልጄ፣ ዛሬም አልቀረሽም?" ማለት ጀመሩ። "አልቀረሁም ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" እላቸዋለሁ። ይህች ሰላምታ ስንት ቀን ከአልጋዬ አንስታኛለች።

ሰዓቴ 11 ተኩል ነው። መጀመሪያ ማታ ከሥራ ስመለስ እሮጣለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ማታ የኔ ሰዓት አይደለም። ትራፊክ አለ፣ እራት አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ የሚደወል ስልክ አለ። ንጋት 11 ተኩል ላይ ማንም አይፈልገኝም። ሰርቪሱ 1 ሰዓት ላይ ነው የሚያልፈው። ቱታዬንና ጫማዬን ማታ በሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ጠዋት የማስብበት ነገር እንዳይኖር ነው፤ ማሰብ ከጀመርኩ አልወጣም።

ሌላው ያገዘኝ የግድግዳ ካላንደር ነው። ልጄ በቀይ ከለር በየቀኑ ምልክት እንድታደርግ ሥራውን ሰጠኋት። ቁርስ ላይ "እማዬ፣ ሮጠሻል?" ትለኛለች። ካልሮጥኩ ምልክት የለም። ስልኬ ላይ ስትራቫ የሚባል የሩጫ መመዝገቢያ አፕ ጭኜ ነበር፤ ጥሩ ነው፣ ኪሎ ሜትሩን ይይዝልኛል። ግን እንደ ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ስለሆነ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበት አገኘሁ። ስምንት ዙር አነሰብኝ። በየቀኑ ወደ ካራ በሚወስደው አስፋልት 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀመርኩ፤ ያውም በየቀኑ ከትናንቱ ፈጠን ለማለት እየታገልኩ። 41ኛው ቀን ላይ ግራ ቅልጥሜ ፊት ለፊቱን ማመም ጀመረ። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር፤ ኋላ ደረጃ ስወጣም። በጣቴ ስነካው ያቃጥለኛል።

ግቢያችን ውስጥ ድሮ ክለብ ውስጥ ይሮጥ የነበረ ወጣት አለ። ጠዋት አየኝና "እትዬ፣ በየቀኑ እንዲህ ነው የሚሮጡት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት በኩራት። "እኛ እንኳን እንዲህ አንሮጥም" አለኝ። ከዚያ አስረዳኝ። ክለብ ውስጥ በሳምንት ጠንከር የሚለው ልምምድ ሦስት ቀን ገደማ ነው፤ አንዱ አስፋልት፣ አንዱ ኮሮኮንች፣ አንዱ ፍጥነት። ሌላው ቀን ሶምሶማ ነው። ሶምሶማው ደግሞ እውነተኛ ሶምሶማ ነው፤ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ እያወሩ። የሚያየው ሰው እነዚህ ናቸው ዓለምን የሚያሸንፉት ብሎ አይገምትም። "ቀስ ማለትም ልምምድ ነው" አለኝ።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። በየቀኑ መሮጥ ማለት በየቀኑ መልፋት ማለት አይደለም። አጥንትና ጅማት ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ትንፋሽ በአንድ ወር ይስተካከላል፤ ቅልጥም ግን ወራት ይፈልጋል። እኔ ትንፋሼን አምኜ ቅልጥሜን ጎዳሁት። ለሦስት ሳምንት ወደ ስምንት ዙር ተመለስኩ። በአስፋልቱ ፋንታ ከብሎኩ ኋላ ባለው አፈር ላይ፣ ከእርምጃ ትንሽ በሚፈጥን ሶምሶማ ብቻ ሮጥኩ። ያለቀ ጫማዬንም ቀየርኩ። ሕመሙ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ባይለቀኝ ኖሮ ማቆም ነበረብኝ፤ ቅልጥም ላይ አንድ ቦታ ብቻ የሚወጋ፣ ተኝተውም የማይተው ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሳምንቴ እንዲህ ሆነ። ሁለት ቀን 5 ኪሎ ሜትር፣ እሑድ 8 ወይም 9፣ የቀረው አራት ቀን ስምንት ዙር። የወሩ መጨረሻ እሑድ "መንገድ ለሰው" ሲኖር መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ ልጄ በብስክሌት፣ እኔ በእግሬ። አንድ መለኪያ ብቻ ነበረኝ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገርኩ መሮጥ ካልቻልኩ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ከዝቅተኛ አገር ሯጮች ሰዓት ጋር ራስን ማወዳደር ተስፋ ማስቆረጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ ከባዱ ሁዳዴ ነበር። 55 ቀን። እኔ እስከ ቅዳሴ መውጫ እጾማለሁ። በጾሙ አጋማሽ እግሬ እንደ እርሳስ ከበደኝ፤ ስምንቱ ዙር እንኳን አታከተኝ። ስመረመር ትንሽ ደም ማነስ ነበረብኝ። ሐኪሟ የነገረችኝ ለማንኛውም ጾመኛ ሴት ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂው አለችኝ። ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምሪበት አለችኝ። ቡናን ከምሳ ማራቅ ከሩጫው በላይ ከበደኝ፤ ግን አደረግሁት፤ ኪኒኑንም ወሰድኩ።

ስቅለት ሚያዝያ 6 ዋለ፤ ለእኔ 216ኛው ቀን። እናቴ ከእኛ ዘንድ ነበረች። ጫማዬን ሳስር ሰማችና "ልጄ፣ ዛሬ እንኳን እግርሽን አሳርፊው፤ ስግደት አለብሽ" አለችኝ። "እማ፣ ለሩብ ሰዓት ነው" አልኳት። ስምንት ዙር በጣም ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጸሎት እያደረስኩ ነው የዞርኩት። ከዚያ ተጣጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በማግስቱ ጭኔን ያመመኝ ስግደቱ ነው እንጂ ሩጫው አልነበረም።

ክረምቱን ሳልፈራው አልቀረሁም፤ ግን ከጠበቅሁት ቀለለኝ። ሐምሌ ላይ ዋናው ችግር ዝናቡ አይደለም፤ የማይደርቅ ጫማ ነው። ሁለት ጫማ ማፈራረቅ፣ እርጥቡን ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር። ለውሻ ደግሞ መሮጥ ማቆም፣ ፊት ለፊት መቆም፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት። አብዛኛው ውሻ ዞሮ ይሄዳል።

ጳጉሜ 5 ላይ ልጄ "ዓመቱ አለቀ!" ብላ ዘለለች። ካላንደሩን አሳየኋት። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ናት። በማግስቱ በዝናብ ስምንት ዙር ሮጬ 366 ሞላ። ስትራቫው በአጠቃላይ 1,412 ኪሎ ሜትር ይላል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ጨረስኩ፤ ሳልራመድ። በፊት በ1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነበር በጣም ጥሩው ሰዓቴ።

ብዙ ሰው "ለየትኛው ውድድር ነው?" ይለኛል። አይገርመኝም። እኔም የ1993ቱን የሲድኒ ኦሎምፒክ በቴሌቪዥን እያየሁ፣ ደራርቱ ስትገባ ከሰፈሩ ጋር እየጮኽኩ ነው ያደግሁት። በእኛ አገር ሩጫ ሲባል ሜዳሊያ ነው የሚታሰበው። ሮጦ ጤናውን የሚጠብቅ ተራ ሰው ግን መኖር አለበት፤ ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሯጭ መሆን ይችላል።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 459ኛው ቀን መሆን ነበረበት። ማታውን ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። 11 ተኩል ላይ ትኩሳቴ 39 ነበር። ጫማው በሩ አጠገብ ነው። ስምንት ዙር ብቻ አይደል፣ እያልኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት አፍንጫ በሚያፍን ጉንፋን ብዙ ቀን ሮጫለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ትኩሳትና የደረት ሕመም ግን ሌላ ነው። በትኩሳት መሮጥ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ሮን ሂልም በመጨረሻ ያቆመው ሲሮጥ ደረቱን ሲያመው ነው፤ ከ52 ዓመት በኋላ። ባለቤቴ ምንም አላለኝም፤ ብርድ ልብሱን ብቻ ከፈተልኝ። ተመልሼ ተኛሁ። አለቀስኩም።

ዘጠኝ ቀን አልሮጥኩም። በአሥረኛው፣ ታኅሣሥ 12፣ ስምንቱን ዙር ግማሹን በእርምጃ ጨረስኩ። "ልጄ፣ ጠፋሽብን እኮ" አሉኝ ጋሼ። ቁርስ ላይ ልጄ ከለሯን ይዛ ካላንደሩ ፊት ቆመች። ዘጠኙን ባዶ ቦታ አየቻቸው።

"እማዬ፣ እነዚህንም ልሙላልሽ?"

"ተያቸው። ያን ጊዜ ታምሜ ነበር።"

ትንሽ አሰበችና 12ን ብቻ ቀይ አደረገቻት።