አከራዮቻችን የተነሱበት ቤት

ለኔ ሜቶዲስት ማለት አከራይ ማለት ነበር። እውነቴን ነው። ሜሪላንድ እንደመጣን ያስቀደስንበት ቤተ ክርስቲያን የራሳችን አልነበረም፣ የሜቶዲስቶች ቤዝመንት ነው፣ እሁድ ሌሊት 10 ሰዓት ገብተን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃውን አውርደን ምንጣፉን ጠቅልለን ወንበሩን እንደነበረ ደርድረን መውጣት ነበረብን ምክንያቱም 4 ሰዓት ላይ ባለቤቶቹ ይመጣሉ። አንድ እሁድ ቄሱ ዕጣኑን ትንሽ በዛ አርገውት ኖሮ የጭስ አላርሙ ጮኾ የእሳት አደጋ መኪና ከነሳይረኑ መጣብን፣ ሰዎቹ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ሲገቡ እኛ እግዚኦታ ላይ ነበርን፣ ማንም አላቋረጠም። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ነበልባል የተጠጋበትን መስቀል እያየሁ ስገባ ስወጣ እነዚህ ሰዎች ግን ምንድናቸው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ኪራይ ሲጨምሩ ብቻ ነው ትዝ የሚሉኝ።

ያወቅኳቸው በኳስ ምክንያት ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ቡድኗ ደላዌር ውስጥ ፍሬደሪካ የምትባል ትንሽዬ ከተማ አጠገብ ቱርናመንት ነበረበት፣ እዛ ከበቆሎ ማሳ መሀል 12 አርቴፊሻል ሜዳ ዘርግተው ክፍለ ሀገሩን ሁሉ ይሰበስቡበታል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ስለነበረች እሷንም ይዘን በሌሊት ተነሳን። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ 7 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ተራራ ሽቅብ ይወጣና ከታች ባህር ብቻ ይታያል፣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና "ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት" እያለች ነው ያለፈችው። ከድልድዩ ወዲያ ያለው አገር ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ የታጨደ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ረጃጅም የዶሮ ቤቶች። ዶቨር ስንደርስ የጦር አየር ማረፊያው ሃይዌዩ ዳር ስለሆነ ፎቅ የሚያህል ጭነት አውሮፕላን ራሳችን ላይ አለፈ። ፍሬደሪካን የሚያልፈው ወንዝ ስሙ መርደርኪል ነው፣ ልጄ ለአያቷ "መርደርም መግደል ነው ኪልም መግደል ነው" ብላ ተርጉማላት ሳቃችን ሊገድለን (ኪል እንኳን በደች ወንዝ ማለት ነው፣ ግን ለማን ይነገራል)።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ። ሁለተኛው ሊጀምር ገና 4 ሰዓት ያህል ይቀረዋል። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ቀረች፣ እማዬ ብርዱ አንገሽግሿት "ልጄ፣ እዚህ አገር ገብተው የሚቀመጡበት ቤተ ክርስቲያን እንኳን የለም እንዴ?" ስትል ጠዋት ስንመጣ መንገዱ ዳር ያየሁት የድሮ ጡብ ቤት ትዝ አለኝ። ከከተማዋ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ሩት ዋን ዳር፣ መቃብር የከበበው። ባራትስ ቻፕል ይሉታል።

መቼም ቤተ ክርስቲያን ነው ካላሉህ አታውቀውም። ጉልላት የለው፣ ደወል ማማ የለው፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ ጡብ ሳጥን ነገር፣ 42 ጫማ በ48 ጫማ። ጡቡን አንዱን በርዝመቱ አንዱን በጫፉ እያፈራረቁ ነው የደረደሩት፣ ጠጋ ብለህ ስታየው እንደ ጥልፍ ነው። እማዬ ግን አልተጠራጠረችም፣ ነጠላዋን አስተካክላ መቃኑን ተሳለመች። በሩን የከፈቱልን አዛውንት ፈረንጅ፣ እንጃ 80 ሳይሞላቸው አይቀርም፣ ቆመው አይዋት። 245 ዓመት ሊሞላው በሆነ ቤት ውስጥ መቃኑን የሳመ ሰው ያዩ አይመስለኝም። "እንዴት ዋሉ አባቴ" አለቻቸው በአማርኛ፣ እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

ቤቱ የተሠራው 1780 ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መሬቱን የሰጠው ፊሊፕ ባራት የሚባል የአካባቢው ሸሪፍ ነበር። ጊዜው አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የምትዋጋው የነፃነት ጦርነት ያላለቀበት ነው፣ ሜቶዲስቶች ደግሞ በዛን ሰዓት በጣም የሚጠሉ ሰዎች ነበሩ፣ ለምን ቢባል መሥራቻቸው ጆን ዌስሊ እንግሊዝ ሆኖ አመፁን የሚቃወም ጽሑፍ ስለጻፈ የንጉሡ ሰላዮች ናቸው ተባሉ። ዌስሊ የላካቸው ሰባኪዎች ጥለው ወደ አገራቸው ሲገቡ አንድ ፍራንሲስ አዝበሪ የሚባል ቀረ። ሜሪላንድ ታማኝነትህን ማል፣ መሣሪያ አነሳለሁ በል ሲሉት እምቢ ብሎ ወደ ደላዌር ተሻገረና አንድ ዳኛ ቤት ተደብቆ ሁለት ዓመት ያህል ከረመ። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሸሪፉ ይሄን የሚያክል ቤት የሚያስገነባው። አንድ መንገደኛ ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ ጠይቆ የሜቶዲስቶች መስበኪያ ነው ሲሉት "ምን አደከማችሁ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉንም አንድ የበቆሎ ጎተራ ይበቃቸዋል" አለ ይባላል። አዛውንቱ ይሄን ሲነግሩን እስካሁን ተናደው ነው፣ የራሳቸው አያት የተሰደበ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እነዚህ ሰዎች ይሰብካሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ቁርባን ግን የለም፣ ጥምቀትም የለም። ለምን? ሰባኪዎቹ ቄሶች አልነበሩማ። ሜቶዲስት ያኔ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ማኅበር ነገር ነው እንጂ ለብቻው ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፣ ሥጋ ወደሙ የሚያቀብለው የእንግሊዙ ቄስ ነው፣ ቄሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ጦርነቱን ሸሽተው ሄደዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ዓመት ከዓመት ይጠብቃል። ይሄን ለእማዬ ሳስረዳት ሳልጨርስ ገባት፣ "እንደኛ ናቸዋ፣ ከእስክንድርያ ጳጳስ እስኪመጣ እንደምንጠብቀው" አለች። እውነቷን ነው። እኛም እኮ ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበር፣ እሱ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ቄስም ዲያቆንም የሚሾም የለም፣ የራሳችን ሊቀ ጳጳስ የተሾመው 1951 ላይ ነው። ቤዝመንቱ ውስጥ እያለንም መጀመሪያ አካባቢ ቋሚ ቄስ አልነበረንም፣ 40 ቀንና 80 ቀን የሞላቸው ልጆች ከሌላ ስቴት ካህን እስኪመጣ ተጠራቅመው ይጠብቁ ነበር፣ የኔዋ በ5 ወሯ ነው የተጠመቀችው፣ እማዬ እስካሁን ይሄን አልረሳችልኝም።

ዌስሊ መጨረሻ ላይ ትዕግሥቱ አለቀና 1784 መስከረም ብሪስቶል ላይ ራሱ እጁን ጭኖ ሁለት ሰዎች ሾመ፣ ቶማስ ኮክ የሚባለውን ቄስ ደግሞ የበላይ ጠባቂ አርጎ ላካቸው። ጳጳስ ሳይሆን ይሄን ማድረግ ይችላል አይችልም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፣ እኔ አልገባበትም። ሦስቱ ኅዳር መግቢያ ላይ ኒውዮርክ ወርደው ወደ ደቡብ ጋለቡ፣ ኮክ ኅዳር 14 እሁድ እዚህ ቤት ደረሰ። ያኔ ዙሪያው ጫካ ነው። እኛ ጋ እንግዲህ ጎንደር ላይ ዘመነ መሳፍንት ነው፣ ፍጻሜ መንግሥት የሚባሉት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ የወረዱበት ዓመት።

ኮክ ሰብኮ ሳይወርድ አንድ ፈርጠም ያለ ሰው ወደ አትሮንሱ ወጥቶ አቅፎ ሳመው። ማን እንደሆነ የነገረው የለም፣ ግን ይሄ ከአዝበሪ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ፣ አልተሳሳትኩም ብሎ በማስታወሻው ጽፏል። ቦታው ላይ ወለሉ ውስጥ ኮከብ ተተክሏል። አዛውንቱ ኮከቡን እንዳንረግጠው በእጃቸው ከለከሉን። እማዬ "ምን ተቀብሮበት ነው?" አለችኝ፣ ሁለት ሰዎች የተሳሳሙበት ነው ስላት ትንሽ አሰበችና "ጥሩ ነገር ነው ያኖሩት" አለች።

ከዛ ኮክ ቁርባን አቀበለ፣ ጽዋውን የያዘው አብሮት የመጣው ሪቻርድ ዋትኮት ነው። አዝበሪ ግን ይሄ ሰውዬ ቄስ መሆኑን አያውቅም ነበር፣ ጽዋ ይዞ ሲያየው ክው አለ። አዲስ ሥልጣን መምጣቱን ያወቀው በዓይኑ አይቶ ነው ማለት ነው! ለቁርባን የቀረበው ሕዝብ ኮክ እንደገመተው ከ500 እስከ 600 ነው። ቤቱን እኮ ነገርኳችሁ፣ 42 በ48 ጫማ ነው፣ ፎቁን ብትጨምሩበትም እንዴት እንደቆሙ እግዜር ይወቅ። የበቆሎ ጎተራው ሰውዬ እዛ በነበረ።

ምሳ የበሉት ሸሪፉ ቤት ነው፣ ሸሪፉ ግን የለም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ሞቷል። መበለቲቱ 11 ሰባኪ አብልታ አስተናገደች፣ ገና ሐዘን ላይ ያለች ሴት። እማዬ እዚህ ጋ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከሰማችው ሁሉ የነካት ይሄ ነው። እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው ዌስሊ ሹሞሃል ያሉት፣ አዝበሪ ደግሞ ወንድሞቼ ሰባኪዎቹ ካልመረጡኝ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ፍሪቦርን ጋሬትሰን የሚባለውን ወጣት ፈረስ ላይ አውጥተው ሂድ ሁሉንም ሰብስብ አሉት፣ ገና ዋዜማ ባልቲሞር ላይ ተሰበሰቡና የአሜሪካ ሜቶዲስት ለብቻው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዝበሪ በሦስት ቀን ውስጥ ዲያቆን፣ ቄስ፣ የበላይ ጠባቂ ሆኖ ወጣ፣ በኛ ቤት ቢሆን ስንት መጽሐፍ ቤት ይፈጃል። እዛው ስብሰባ ላይ ባሪያ ያለው ምእመን ሁሉ ነፃ ያውጣ ብለው ሕግ አወጡ፣ 6 ወር ሳይሞላው ለጊዜው ይቆይ ብለው አነሱት። ጊዜው ብዙ ቆየ።

ይሄን ያመጣሁት በምክንያት ነው። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ዶቨር አካባቢ እርሻ ላይ ሪቻርድ አለን የሚባል ልጅ በባርነት አድጓል፣ እናቱንና እህት ወንድሞቹን ከፊሎቹን ጌታው ሸጧቸዋል። ያ ጋሬትሰን ያልኳችሁ ጌትየው ቤት ገብቶ ከዳንኤል መጽሐፍ "በሚዛን ተመዘንህ፥ ቀልለህም ተገኘህ" የሚለውን ሰበከ። ጌትየው የተመዘንኩት እኔ ነኝ ብሎ ደነገጠ። የደነገጠው ግን በነፃ እስከመልቀቅ አልደረሰም፣ ራስህን ግዛ አለው፣ በ2,000 ዶላር። አለን እንጨት እየፈለጠ፣ ጡብ እየሠራ፣ ጨው በጋሪ እያመላለሰ ከፍሎ ጨረሰ። በኋላ ፊላደልፊያ ላይ ጥቁሮችን ጸሎት ላይ ተንበርክከው ሳሉ ከቦታቸው ሲያስነሷቸው ወገኖቹን ይዞ ወጣ፣ 1794 ቤቴል የሚባል ቤተ ክርስቲያን ከፈተ፣ 1816 ላይ ኤኤምኢ የሚባለው የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። ቤቴል ሲመረቅ መጥቶ የሰበከው ደግሞ አዝበሪ ነው።

እዚህ ድረስ ለእማዬ መኪና ውስጥ ሆነን፣ ሁለተኛው ጨዋታ እስኪጀምር፣ ስልኬን እያየሁ ነው ያወራኋት። ቀጥሎ ያለው ግን እኔንም አስደነገጠኝ። 1892 ፕሪቶሪያ ደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል ጥቁር የሜቶዲስት ቄስ የነጮቹ ንቀት አንገፈገፈውና ወጥቶ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መሠረተ፣ ስሙን ምን አለው? የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም፣ ከመዝሙረ ዳዊት ነው ያገኛት፣ "ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ከሚለው። 1896 ላይ፣ አድዋ የሆነበት ዓመት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከአለን ኤኤምኢ ጋር ተቀላቀለ። እማዬ ይሄን ጥቅስ በግዕዝም ታውቀዋለች፣ "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ" ብላ አወጣችልኝና "እነሱም የኛን ስም ተከራይተው ነበራ" አለችኝ። ስቄ ልሞት።

ሁለተኛውንም ተሸነፉ፣ 3 ለ 1፣ ልጅቷ አኩርፋ ከኋላ ተኛች። መሽቷል። እኔ አንድ ሳልነግራት የቀረሁት ነገር ነበር፣ አዛውንቱ ከኮክ ማስታወሻ ላይ ያነበቡልኝ። ያን እሁድ ኮክ አገሩን ዞሮ እንዲያይ አዝበሪ ስንቅና መንገድ ሲያዘጋጅለት ሃሪ ሆዚየር የሚባል ጥቁር ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ሃሪ ባርነት ውስጥ ተወልዶ ነፃ የወጣ ነው ይባላል፣ ፊደል አይቆጥርም፣ የተነበበለትን ምዕራፍ ግን በቃሉ ይዞ ይሰብካል፣ ኮክ ራሱ በኋላ በዓለም ላይ ካሉ ምርጥ ሰባኪዎች አንዱ ነው ብሎ መስክሮለታል። የዛን ቀን የጻፈው ግን አንድ መስመር ነው፦ አዝበሪ ጥቁሩን ሰጠኝ፣ ጥሩ ፈረስም ተዋሰልኝ ይላል።

ለእማዬ እንደዛው ተረጎምኩላት። የመቁጠሪያዋ ድምፅ ቆመ።

"ፈረሱን በውሰት፣ ሰውየውን በስጦታ?"

"እንደዛ ነው የሚለው እማዬ።"

ድልድዩ ጋ እስክንደርስ ሌላ ነገር አልተናገረችም፣ ድልድዩ ላይ ኪዳነ ምሕረትን ጠራች።