የካፌ ትርፍራፊ ለባዮጋዝ፦ እንጀራው ሲበዛ

ዛሬ ያየነው የግቢ ባዮጋዝ ጉድጓድ ጋዝ አለው፣ ምድጃው ግን እሳት አልይዝ አለ። እንጀራ በዝቶበታል። እንጀራ ስታርች ነው፤ ቶሎ ይቦካና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድ በዝቷል ማለት ነው) ከ6.5 ሲወርድ ሜቴን የተባለውን የሚነደውን ጋዝ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ አይነድም።

መፍትሔው መመገብ ማቆም ነው። ኖራ በውሃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ፣ ፒኤቹን እየለኩ እስከ 7 መመለስ። አንዴ ከተገለበጠበት ታች ይረጋል፤ ማውጣቱ መከራ ነው። ከዚያ ትኩስ እበት ጨምሮ ሰማያዊ ነበልባል እስኪመጣ መታገስ።

አጀማመሩም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ እበትና ውሃ እኩል በእኩል፣ ትርፍራፊ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ። ለ10 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በቀን 10 ኪሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 30 ማሳደግ ይበቃል። እንጀራው ይዘፍዘፍና ይፈጭ፤ ሳይፈጭ ከገባ ላይ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራል። አጥንት፣ ስቴኪኒና ፌስታል ይለቀሙ (ፌስታል ከካፌ ባልዲ ጠፍቶ አያውቅም!)።

100 ኪሎ ትርፍራፊ በደህና ቀን ከ8 እስከ 10 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሰጣል፤ አንድ ተራ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ለሻይና ለወጥ ያግዛል፣ የግቢውን እንጀራ ግን አይጋግርም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ደግሞ ምርቱ ስለሚቀንስ ምግቡም ይቀነስለት።