ሊኖሊየሙን ከመፈልፈላችሁ በፊት አስፈርሙ

ለሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል የሚሸጡ ትናንሽ የሕትመት ካርዶች እንድሠራ አንድ የደብር ኮሚቴ አዘዘኝ። ሥዕሉ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በፈላው ጋን ውስጥ ሆነው፣ መልአኩም እሳቱን ሲያበርድላቸው ነው፤ መጠኑ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር። ሕትመት ግራና ቀኙን ስለሚገለብጥ፣ ገብርኤል በግራ እጁ እንዳይባርክ ንድፉን ገልብጬ ሊኖሊየሙ (ተፈልፍሎ የሚታተምበት ለስላሳ ንጣፍ) ላይ አሳረፍኩ፣ ፈለፈልኩ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ አሸሁ። ለዚህ መጠን ማተሚያ መኪና ያስፈልጋል የሚሏችሁን አትስሙ።

የሙከራውን ሕትመት ለገምጋሚው አቀረብኩ፤ የተማርነው እንዲህ ነውና። ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እሳቱን የሚቆሰቁሰውን ወታደር በጣታቸው ነኩ። «ይህኛው ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው? ጎደሎ ሥራ አንቀበልም» አሉኝ።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሳል፣ በመጨረሻው እራት ይሁዳም ብዙ ጊዜ እንዲሁ እንደሚሳል አስረዳሁ። ይህን ለደብር ገምጋሚ ማስረዳቴ እስካሁን ይገርመኛል። መልሳቸው «ምእመኑ ሳትጨርሰው የሸጥከው ይመስለዋል» የሚል ነበር።

በብሩሽ ቢሆን ዓይን መጨመር ቀላል ነው። ሊኖሊየም ላይ ግን የተፈለፈለው አይመለስም፤ ከወታደሩ አፍንጫ ወዲያ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ስለወጣ ሁለተኛው ዓይን የሚያርፍበት ጉንጭ አልነበረም። ገንዘቡ ስለሚያስፈልገኝ ሙሉውን እንደ አዲስ ቀረጽኩ። የዘይት ቀለም ደግሞ በአዲስ አበባ የክረምት እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። በዓሉ ሲደርስ ካርዶቹ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው ነበር፤ አዘገየ የተባልኩትም እኔ ነኝ።

የሙከራ ሕትመት ለኮሚቴ አታሳዩ። የእርሳስ ንድፉን አሳዩ፣ የእያንዳንዱን ሰው ዓይን እያመለከታችሁ አስረዱ፣ ጀርባው ላይ አስፈርሙ። ከዚያ በፊት አንዲት ጭረት እንኳ አትጫሩ። ለሐምሌ የታዘዘውን በግንቦት አትማችሁ ጨርሱ። በዚህ መጠን ደምና ነበልባል አታብዙ፤ ተድበስብሶ ጥቁር ይሆናል፤ ጊዜያችሁን ለሕፃኑ ዓይኖች ስጡ።

ካርዶቹ በጥር 15፣ በቂርቆስ ዕለት ተሸጡ። አንዲት እናት ገዝተው ከተሳለሙ በኋላ፣ እሳቱ አጠገብ የቆመው ባለሁለት ዓይን የትኛው ቅዱስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደ ገምጋሚው መራኋቸው።