የሦስት ክፍሎች ብርድ

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ከወጥ ቤቱ ሌላ ሦስት ክፍል ብቻ ቢኖረውም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሦስቱም የየራሳቸው ብርድ አላቸው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ቀን በፀሐይ የሞቀው ብሎኬት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ሁለት ግድግዳው ወደ ውጭ የሆነው የእናቴ መኝታ ቤት ንጋት ላይ 13 ዲግሪ ሲወርድ፣ ከወጥ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ሳሎን 17 ላይ ይቆያል።

ባለፈው ዓመት ሌሊት እየተነሣሁ የእናቴን ማሞቂያ የማበራውም የማጠፋውም እኔ ነበርኩ። በሩ ሲንጫጫ ትነቃለች፤ ከነቃች ደግሞ ቆጣሪው ላይ ስንት ብር እንደቀረ ሳትጠይቀኝ አትተኛም። አሜሪካዊው ዋረን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 የክፍል ቴርሞስታት (ሙቀትን እየለካ ማሞቂያን ለመቆጣጠር የሚረዳ መሣሪያ) ፈጠራውን ያስመዘገበው፣ መምህር ሳለ የሕንፃው ሠራተኛ ሙቀት ለማየት እየገባ ትምህርቱን ያቋርጥበት ስለነበር ነው ሲባል ሳነብ፣ በእኛ ቤት ያ ሠራተኛ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ።

ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ቤት ውስጥ ቦይለር ያሞቀው ውኃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይሄዳል፤ ክፍሉን በሚያሞቀው በየራዲያተሩ ላይ ያለው ቴርሞስታትም መንገዱን ይከፍትለታል፣ ይዘጋበታል። እኛ ዘንድ ቦይለር ማለት የገላ መታጠቢያው ውኃ ማሞቂያ ስለሆነ፣ እሱ የላከልን ሦስት ስማርት ሶኬቶችን ከነሙቀት መለኪያቸው ነው። እያንዳንዱ ሶኬት ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ ተሰክቶበታል፤ ክፍሉ የታዘዘለት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ለእናቴ 18፣ ለእኔ 16 አደረግሁ፤ ሳሎኑ የሚሞቀው ማታ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔው ነበር። እናቴ ልደታ ማርያም ኪዳን ለማድረስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ስለምትነሣ፣ ሶኬቶቹን በማዝበት ስልኬ ላይ የማሞቂያዋን መነሻ ሰዓት 11 ብዬ ሞላሁ። መሣሪያው ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እሷ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ለብሳ ስትወጣ፣ ማሞቂያው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ መስኮቱ እንዲናፈስ የተከፈተበትን ባዶ ክፍል ሲያሞቅ ሰነበተ። የካርዱ ብር በአምስት ቀን ማለቁ ነው ያነቃኝ።

ቅዳሜ ሌላ ጣጣ አለው፤ ምጣዱ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ስለሚስብ፣ እንጀራ እየተጋገረ ሁለት ማሞቂያ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ በመጋገሪያው ሰዓት ሁሉም ክፍል ብርዱን እንዲችል ተስማምተናል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን መለኪያው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ከማሞቂያው አጠገብ ሰቅዬው ስለነበር፣ አልጋው ዘንድ ገና 15 ሆኖ ሳለ እሱ 18 ብሎ ያጠፋ ነበር። ከፍ አድርጌ ከአልጋው ራስጌ ባዛውረውም እናቴ አልተስማማችም።

«ልጄ፣ የእኔ ብርድ እኮ ከእግሬ ነው የሚጀምረው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ሞቃት አየር ወደ ኮርኒሱ ይወጣል፣ ሴራሚኩ እንደ በረዶ ይቀራል። አሁን መለኪያው በግርጌ በኩል፣ ነጠላ ጫማዋን ከምታስቀምጥበት በላይ፣ በጉልበት ቁመት ተለጥፏል። ማሞቂያው ከቀድሞው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ ብሩም በዚያው ልክ ይሄዳል፤ ቢሄድም አልቆጨኝም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሶኬቶቹ እንደጠፉ እንዲቆዩ ማድረጌን ግን አልለውጥም። እናቴ ያጠበችውን ነጠላ ማሞቂያው ላይ የምታሰጣበት ቀን አለና።

ስልኩን እስካሁን አልነካችውም። የመለኪያዋን ትንሽ መስኮት ግን ማንበብ ለምዳለች፤ 16 ካለ ሁለተኛ ጋቢ ትደርባለች፣ 18 ካለ አንዱን ወደ ግርጌ ትገፋለች። ትናንት ማታ ልትተኛ ስትል በሩ ላይ ቆማ፣ «የሳሎኑን አጥፋውና የአንተን ጨምርበት፤ ሌሊቱን ስታስል ነው ያደርከው» አለችኝ።