ኮይልኦቨር ለቪትዝ፦ መኪናውን ዝቅ ከማድረጋችሁ በፊት

ኮይልኦቨር፣ ማለትም ቁመቱ የሚስተካከል የሞላና የሾክ ስብስብ፣ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው መኪናው ዝቅ ብሎ እንዲታይ ነው። ከርቭ ላይ መኪናው መንገዱን እንዲይዝ የሚያደርገው ግን ዝቅታው አይደለም፤ የሞላውና የሾኩ መስማማት ነው። እንዲያውም እንደ ቪትዝ ያለ ቀላል መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከልክ በላይ ዝቅ ካለ አያያዙ ከፋብሪካው ይብሳል። እዚህ የምናየው በፈረንጆች ከ2005 እስከ 2010 የተመረተውን ሁለተኛውን ትውልድ ቪትዝ ነው፤ ፊቱ ማክፈርሰን (ሾኩ ሞላው መሃል ቆሞ ጎማውን የሚይዝበት)፣ ኋላው ቶርሽን ቢም (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ብረት) ሲሆን ከኋላ ሞላውና ሾኩ ለየብቻ ተቀምጠዋል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቴስታዎቹን (ኳስ መገጣጠሚያዎቹን)፣ የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል የሚያያይዘው የታች ክንድ) ጎሚኒዎችንና የስታቢላይዘር (መጋደልን የሚቀንሰው ብረት) ሊንኮቹን አስፈትሹ። የላላ ነገር ካለ ጠንካራ ሞላ አይሸፍነውም፤ ጉድጓዱ የሚመታውን ምት ሁሉ ወደዚያው ያስተላልፍና ቶሎ ይጨርሰዋል። ጎማውም ያለቀ ወይም የደረቀ ከሆነ መጀመሪያ ጎማ ግዙ።

አሁን ወደ ሞላው። ጥንካሬው የሚነገረው በኪሎ በሚሊሜትር ነው። 4 ኪሎ የሚባል ሞላ አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 4 ኪሎ ክብደት ይፈልጋል ማለት ነው። የቪትዝ አንዱ የፊት ሞላ ባዶውን መኪና ይዞ ወደ 275 ኪሎ ይሸከማል እንበል። 2 ኪሎ አካባቢ የሆነ ለስላሳ ሞላ በዚህ ክብደት በሰከንድ 1.3 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ 4 ኪሎው 1.9 ጊዜ፣ 6 ኪሎው 2.3 ጊዜ። ውዝዋዜው በሰከንድ ከ2 ጊዜ ካለፈ ኮብልስቶን ላይ ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ መዝለል ይጀምራል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ስለዚህ ለከተማና ለአገር አቋራጭ መንገድ ከፊት 4 ኪሎ አካባቢ ይበቃል። ሻጩ «6 ኪሎ ነው፣ የሬስ ነው» ሲላችሁ ለየትኛው መንገድ እንደሆነ ጠይቁት።

ቁመቱን በተመለከተ ከፋብሪካው ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር በላይ አትውረዱ። ምክንያቱ ስፒድ ብሬከር ብቻ አይደለም። ማክፈርሰን ላይ መኪናው ሲወርድ የብራቾው የጎማ ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል፤ በዚህ ጊዜ መኪናው የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በፈጠነ መጠን ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ያው የከርቭ ኃይል መኪናውን አብዝቶ ያጋድለዋል። የስተርዞው ዘንግና ብራቾው የሚሄዱበት ቅስትም ስለሚለያይ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪውን ሳትነኩት በራሱ ይታጠፋል። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ይህ ደስ አይልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ሞላው ከሥሩ የሚቀመጥበት ቀለበት ነው። ቀለበቱን አጥብቆ ሞላውን አስቀድሞ መጨመቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፣ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ጉዞም ይቀንሳል። ስለዚህ የሾኩ የታችኛው መያዣ ራሱ በፊሌቶ (በብሎን ጥርስ) ከፍና ዝቅ የሚል ዓይነት ግዙ። ሞላውን በእጅ እስኪጠብቅና ቢበዛ 5 ሚሊሜትር እስኪጨመቅ ብቻ አስሩት፤ ቁመቱን በታችኛው መያዣ ወስኑ። የሾኩ አካል ግን መያዣው ውስጥ ቢያንስ 30 ሚሊሜትር ገብቶ መቆየት አለበት፤ አምራቹ ከዚያ በላይ ካለ የእሱን ቃል ያዙ።

መግጠሙ ላይ፣ ከመፍታታችሁ በፊት በአራቱም በኩል ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ለኩና ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ አየር ልኬቱን ያዛባዋል። መኪናው ክሪክ ላይ ብቻ እያለ ከሥሩ አትግቡ፣ ካቫሌቶ (ማቆሚያ ብረት) አስገቡ። ፊት ላይ የላይኞቹን ዳዶዎች ለማግኘት የመስታወት መጥረጊያዎቹንና ከሥራቸው ያለውን ፕላስቲክ ማውጣት ግድ ነው። ከዚያ የፍሬን ቱቦውን መያዣ፣ የኤቢኤስ ሽቦውንና የስታቢላይዘር ሊንኩን ከሾኩ ፍቱ፤ ቀጥሎ የታችኞቹን ሁለት ብሎኖች። ጎማ ተሸካሚው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ በሽቦ እሰሩት፤ ከተንጠለጠለ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ ሴሚያሴውም (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ከመገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል። የላይኞቹ በመጨረሻ ይፈታሉ፤ ሾኩን ከታች የሚይዝ ሰው ይኑር።

የሾኩን መሃል ዳዶ መኪናው ላይ እያለ እንዳትነኩት። የተጨመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው፤ ቢፈታ ሰው ሊገድል ይችላል። የድሮውን የላይኛ ጎሚኒ የምትመልሱ ከሆነ ሞላውን በመጨመቂያ ከሁለት ተቃራኒ በኩል እኩል ጨምቃችሁ ብቻ ፍቱት። አዲሱን ስታስሩም ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዛችሁ በእጅ አጥብቁ። በአየር መፍቻ የታሰረ ዘንግ አብሮ ይሽከረከርና ሲሉን ይበላዋል፤ አዲስ ሾክ በወሩ ዘይት የሚያፈሰው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኋላው ቀላል ነው። ቢሙን በክሪክ ደግፉ፣ የሁለቱንም ሾኮች የታች ብሎን ፍቱ፣ የፍሬን ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ሞላው ራሱ ይወጣል። አዲሱን ስትመልሱ የታች ብሎኖቹን የመጨረሻ ማጥበቂያ የምታጠብቁት ቢሙ ተነስቶ በመኪናው መቆሚያ ቁመት ላይ ሲሆን ነው። ፊትም ብራቾውን ጎሚኒው ጋ አላልታችሁ በአዲሱ ቁመት መልሳችሁ አጥብቁ፤ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ይቀደዳል። የጎማ ዳዶው 103 ኒውተን ሜትር ነው። የሌሎቹን ከመኪናችሁ ማኑዋል ውሰዱ።

ሾኩ ላይ ያለውን ማስተካከያ መጀመሪያ እስከ ጠንካራው ጫፍ አዙሩ፤ ቆጠራው ከዚያ ወደ ኋላ ነው። 30 ክሊክ ካለው ከ15 ጀምሩ፣ ግራና ቀኝ እኩል። በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት እየነዳችሁ ሁለት ሁለት ክሊክ ቀይሩ። ስፒድ ብሬከር ካለፋችሁ በኋላ አፍንጫው ደጋግሞ የሚነሳና የሚወርድ ከሆነ ልል ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚንቀጠቀጥና መሪው የሚዘል ከሆነ ጠብቋል። በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ ጥቂት ንዱ፤ ማሰሪያው የተገፋበት ቦታ ጎማው ምን ያህል እንደተጓዘ ያሳያል። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ያለው ላስቲክ ጋ ከደረሰ ፊት ላይ የሞላውን ቀለበት ጥቂት አጥብቁ (የታችኛውን መያዣ ማንሳት የሾኩን ጉዞ አይጨምርም)፣ ኋላ ላይ ቁመቱን ጨምሩ፤ ላስቲኩን ግን አትቁረጡ። እሱ ከሌለ ምቱን የሚቀበለው የሾኩ ውስጥ ነው።

ቁመቱ ከተወሰነ በኋላ አላይመንት አሠሩ። ኋላው ቢም ስለሆነ አይስተካከልም፤ የሚሠራው ፊቱ ነው። ካምበር (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል) ኔጌቲቭ 1 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም የጎማው ላይ ወደ ውስጥ፣ በግራና ቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ሳይበልጥ፤ ቶ (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ከዜሮ እስከ 1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ። 500 ኪሎሜትር ገደማ ስትነዱ ቀለበቶቹንና ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ።

ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከመጣ በመጀመሪያ የስታቢላይዘር ሊንኩን እዩ፤ ቁመቱ ሲቀንስ የድሮው ሊንክ ርዝመት ላይስማማና ስታቢላይዘሩ ሴሚያሴውን ሊነካ ይችላል፤ ያኔ ልኩ የሆነ ሊንክ ይፈልጋል። ድምፁ የሚመጣው ጎማው ከጉድጓድ ሲወጣ ከሆነ ሞላው ተንጠልጥሎ እየላላ ነው፤ ቀለበቱን ጥቂት ሚሊሜትር አጥብቁ። መሪ ስታዞሩ ቆሞ የሚለቅ ድምፅ ካለ የላይኛው ኩሽኔታ ነው። ክረምት ሲያበቃ ፊሌቶውን በውሃና በብሩሽ ከጭቃ አጽዱ፤ ግራሶ አትቀቡት፣ አቧራ ሰብስቦ ቀለበቱን ይነክሰዋል።