ጦሳ ሥር አንድ ጣሪያ ሲጨመር

ደሴ ላይ ስለ ሕዝብ ብዛት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ወሊድ ይሄዳል፤ “ሰው በዛ” ይባልና ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። መሬቱን የሚጎዳው ግን ከሰው ጋር የሚመጣው ጣሪያ፣ ተቆርጦ የተደለደለው ቁልቁለትና መሄጃ ያጣው ውሃ ነው። ወሊድን አንድ ቤት ሠሪ ብቻውን አይለውጠውም፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ግን የእሱው ነው።

ቁጥሩን እናስቀድም። በ1987ቱ ቆጠራ ደሴ ከተማ 97,314፣ ከደሴ ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ 39,466 ሰው ነበራቸው። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማ ነዋሪው ደሴ ላይ 120,095፣ ኮምቦልቻ ላይ 58,667 ደረሰ። ሲሰላ ደሴ በዓመት 1.7 በመቶ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ከ3 በመቶ በላይ አድገዋል። 70ን በመቶኛው ብናካፍለው ሕዝቡ እጥፍ የሚሆንበትን ጊዜ ይነግረናል፤ በዚያው ፍጥነት ከቀጠሉ ደሴ 41 ዓመት፣ ኮምቦልቻ 22 ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ጣሪያ ግን ከሰው ቁጥር ይቀድማል። 100 ሺህ ሰው በየቤቱ አምስት አምስት ሆኖ ሲኖር 20 ሺህ ጣሪያ ይበቃዋል። ልጆች ጎጆ ሲወጡ አማካዩ ወደ አራት ይወርድና ያው 100 ሺህ ሰው 25 ሺህ ጣሪያ ይፈልጋል። አንድም ሰው ሳይወለድ 5 ሺህ ጣሪያ ተጨመረ ማለት ነው። ደሴን ደግሞ በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ሜዳው ሲያልቅ ቤቱ ዳገቱን ይዞ ይወጣል።

አሁን ውሃውን እንቁጠር። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። 80 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በአንድ የነሐሴ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,200 ሊትር ነው፤ የሚረጨውና የሚተነው ተቀንሶ 2,700 ሊትር ያህል ከአሸንዳው ይወርዳል። በአንድ ዳገት ላይ ከላይ እስከ ታች 20 ቤት ካለ ከ50 ሺህ ሊትር በላይ ነው፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ አምስት ጊዜ ቁልቁል እንደ መድፋት ማለት ነው። ቀድሞ ሳሩና ቁጥቋጦው ከዝናቡ ከፊሉን ያሰርጉት ነበር፣ የቀረውንም ያዘገዩት ነበር። ጣሪያ አያዘገይም፤ የሁሉም ቤት ውሃ በአንድ ጊዜ ቦዩ ውስጥ ይገናኛል።

ስለዚህ ሮቶ መትከል ጥሩ ነው፣ ግን አተካከሉ ላይ ብዙ ይበላሻል። አሸንዳው በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ውሃው ተኝቶ ቅጠልና ደለል ይሰበስባል። መያዣው በየ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይመታ፣ አለበለዚያ መሐሉ ይረግባል፣ ውሃውም በዚያው ግድግዳ ላይ ይፈሳል። ለሚወርደው ቱቦ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ማሰብ ነው፤ ለ80 ካሬ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃል። ከደረቅ ሰሞን በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን፣ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ሮቶው አይግባ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ፤ የሞላ ሮቶ ጎርፍ አይቀንስም። በሐምሌና ነሐሴ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚቆም ከሆነ የሚመጣው ውሃ በሙሉ ተርፎ ይወጣል። በእነዚህ ወራት ለልብስና ለጽዳት እየተቀዳ ግማሹ ባዶ ይደር። የተረፈው የሚወጣበት ቱቦም የጎረቤት ግንብ ሥር መውደቅ የለበትም፤ በድንጋይ ወደ ተነጠፈ ቦይ ይግባ። ባለ 2,000 ሊትሩ ሲሞላ 2 ቶን ይመዝናል፤ ከተቆረጠው መሬት ጠርዝ ቢያንስ የቁራጩን ከፍታ ያህል ይራቅ። እርግጥ ነው፣ አምስት ሰው በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም 20 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። በጋውን አያሻግርም፣ የቧንቧ ፈረቃን ግን ያሻግራል።

ቁልቁለት ላይ ቦታ ሲደለደል ዳገቱን ቆርጦ አፈሩን ወደ ታች መግፋት የተለመደ ነው። ቤቱ ግማሹ ነባር መሬት ላይ፣ ግማሹ በተደፋ አፈር ላይ ይቆማል። የተደፋው በ20 ሴንቲ ሜትር ድርብ እየተጠቀጠቀ ካልወጣ ከአንድ ክረምት በኋላ ይሰምጣል፤ ግድግዳው ላይ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወርደው ስንጥቅ ምልክቱ ነው። ሲሚንቶ መለጠፍ አያድነውም። ከቻሉ ቤቱን በሙሉ ነባሩ መሬት ላይ አሳርፈው የተደፋውን ለግቢ ይተዉት።

የድጋፍ ግንብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደሴ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚያ ነው። ግንብ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ አንሶ ሳይሆን ከጀርባው ውሃ ስለሚጠራቀም ነው። ከጀርባው 2 ሜትር ውሃ ቢቆም በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 2 ቶን ያህል ይገፋል፤ 3 ሜትር ቢሆን 4.5 ቶን። ከፍታው ከ2 ወደ 3 ሜትር ሲጨምር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። እናም የድንጋይ ግንብ የታችኛው ስፋቱ ከከፍታው ግማሽ ማነስ የለበትም። ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሞላ፣ በየ1.5 ሜትሩ ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ቱቦ ይውጣ። ጥሩ ተደርጎ በተሠራ ግንብ ላይ እንኳ ለሳኙ መጥቶ ፊቱን ሲያሳምር የቱቦውን አፍ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ክረምት ሲገባ ግንቡ በዝናብ ቀን ከየትኛው ቀዳዳ እንደሚያወጣ ቆሞ ማየት ነው፤ ምንም የማያወጣ ግንብ ያስፈራል።

“ውሃውን ጉድጓድ ቆፍረህ አስርገው” የሚለው ምክር ለሜዳ ከተማ ትክክል ነው፤ ለጦሳ ወገብ ግን አደገኛ ነው። ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠግብ ክብደቱ ይጨምራል፣ መያያዙ ይቀንሳል፣ ከዚያም ይንሸራተታል። የሽንት ቤት ጉድጓድም ከታች ያለውን ጎረቤት ግንብ ከጀርባው ያርሳል። ዳገት ላይ የሚሻለው የታሸገ፣ በቦቴ የሚመጠጥ ጉድጓድ ነው፤ ወጪው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ናዳው ቆፋሪውን ትቶ የታችኛውን ቤት ነው የሚይዘው። ከቤትዎ በላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሰነጠቀ መሬት ካዩ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ይምቱ፣ ርቀቱን በየሳምንቱ በሜትር ይለኩ፣ ስንጥቁንም ዝናብ እንዳይገባበት በጭቃ ጠቅጥቀው ይድፈኑት። ችካሎቹ መራራቅ ከጀመሩ፣ ወይም ድሮ በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር መዝጋት ካስቸገረ፣ ቤተሰቡን ማውጣትና ለቀበሌ ማሳወቅ ነው እንጂ ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ አይገባም።

ከሠፈሩ በላይ የሚቆፈረው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አፈር ላይ ከሆነ በ100 ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም፤ ከፈጠነ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። የተቦረቦረው ውስጥ ክትር (ውሃውን የሚያዘገይ ትንሽ ግድብ) ሲሠራ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን፤ በ100 ሜትር 20 ሜትር በሚወርድ ቦታ ባለ 1 ሜትር ክትር በየ5 ሜትሩ ነው። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ካላለና ጫፎቹ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ዳርቻው ካልገቡ ውሃው ክትሩን ዞሮ ዳርቻውን ይበላዋል። በጠርዙ ላይ ለደሴ ብርድ ደሾ ሳር ይስማማል፤ ዝናቡ ሲይዝ በ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይተከል። ባሕር ዛፍ ብቻውን አይበቃም፣ ከሥሩ ሳር ስለማያበቅል የአፈሩ ላይ ይታጠባል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። ቦርከና ከደሴ የለቀመውን ይዞ ሲወርድ ጉልበቱ ከዚህ ቁልቁለት ነው፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ሲደርስ ይዝልና ደለሉን ይጥላል። ድልድይ ሥር አሸዋ ሲሞላ ያው ውሃ ከፍ ብሎ ይፈሳልና ከዳር ያለው ቤት ይገባበታል። በበጋ ደግሞ ወንዙ ሲቀጥን የፋብሪካና የመኖሪያ ፍሳሹ የሚቀላቀልበት ውሃ ያንሳል፤ ስለዚህ የወንዙን ንጽሕና ለመለካት የሚሻለው ጥር ነው እንጂ ነሐሴ አይደለም። ቱቦና ድልድይ ሥር መጥረግ ደግሞ ሰኔ ሳይጋመስ ማለቅ አለበት፤ የወጣው ደለልና ፌስታልም በቦዩ ዳር ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ስለሚያስገባው በዚያው ቀን ተጭኖ ይሂድ።